የሦስት ደቂቃ ሰላምታ

ከቶጎጫሌ ወደ ጅጅጋ በምትመለሰው ላንድሮቨር ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች የተዋወቁት መንገድ ላይ ነው። እሷ አስተማሪ ናት፤ እሳቸው ጅጅጋ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ናቸው።

«ጋሼ፣ ያ ሁሉ ስልክ እያለ መስመር የሚጠፋው ለምንድን ነው?»

«ስልኩማ ብዙ ነው ልጄ። ወደ ሐረር የሚወጣው መስመር ግን አንድ ነው፤ ሁሉም በሱ ነው የሚያልፈው። ጦሩ ከፈለገው ደግሞ ሌላው ይጠብቃል።»

«ለዚህ ነው በሦስት ደቂቃ የምትቆርጡት?»

«ካልቆረጥን ለሌላው አይደርስም።»

«ባለፈው ክረምት ወንድሜ ከደሴ ደውሎ ጅጅጋ ስልክ ቤት አስጠራኝ። ደህና ነሽ አለኝ፣ ደህና ነኝ አልኩት። ልጆቼን ጠየቀኝ፣ ጎረቤቶቹን ጠየቅኩት። ስለ ዝናቡ ሳይቀር አወራን። ከዚያ ‹እማዬ› ሲል ተቆረጠ።»

«መልሰሽ አልደወልሽም?»

«ሁለት ቀን ሙሉ ተሰልፌ መስመር አጣሁ። የወንድሜ ደብዳቤ ሲደርሰኝ እናቴ ተቀብራለች። ለካ ታማ እኔን ትጠራ ኖሯል።»

«ክፉ ወሬ ሰላምታ ሳይቀድመው አይነገርም እኮ።»

«አዎ። እኔም አልጠረጠርኩም።»

የካራማራ ተራራ ከሩቅ ሲታይ ሰውዬው ወደ እሷ ዞሩ።

«ሰላምታ የሚያበዙ ሲገጥሙኝ» አሉ፣ «ቁም ነገር የላቸውም እያልኩ ሦስቱ ደቂቃ ሳይሞላ እቆርጥ ነበር።»

«ያን ቀን ተረኛው እርስዎ ነበሩ?»

«እንጃ ልጄ። የቆረጥኩት ብዙ ሰው ነው።»

ጅጅጋ ስንደርስ ለእናቴ ደውዬ የምነግራትን የጻፍኩበትን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁና፣ ከላይ የደረደርኩትን ሰላምታ አንድ በአንድ ሰረዝኩት።