ጋሽ ማስመሪያ እና ሦስተኛው ማውዝ

— ሄሎ... ሄሎ፣ አለሁ፣ አለሁ ልጄ። ምነው ቆየሽ? ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ታቅፌ ተቀምጫለሁ... ደረስሽ? ሱቁ ውስጥ ነሽ?... ጎሽ። ክፍት ነው ማለት ነው። እኔማ ለምሳ ዘግተው ሄደው ይሆናል እያልኩ እዚህ ስንቆራጠጥ ነበር።

— አይ፣ አልበላሁም። በኋላ እበላለሁ። ተይው የምሳውን ነገር። አሁን ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው፣ ሰዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ። አንቺ ከዚያ እስክትደርሺ ግማሽ ሰዓት... አርባ አምስት ደቂቃ በይው፣ መንገዱ አይታመንም። ደግሞ አዲስ ዕቃ እጅ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቶሎ እንምረጥ።

— እሺ፣ ምን ምን አለው?... ባለ ገመድ፣ አዎ... ገመድ አልባ፣ አዎ... ገመድ አልባው ስንት ዓይነት ነው?... ሰባት? ሰባት ዓይነት ማውዝ ምን ያደርጋል፣ ስንት ዓይነት እጅ አለ?

— ቆይ አንድ ጊዜ። (ሜትር፣ የኔ እናት፣ አንቺ ብይ፣ እኔን አትጠብቂኝ። ልጄ ናት፣ ልብስ ሰፊዋ... እሺ እላታለሁ።) ሰላም ብላሻለች። ሜትር ናት፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ቀያሿ። ያቺ ረጅሟ። ምሳዋን እዚሁ ጠረጴዛዋ ላይ ነው የምትበላው፣ ስለዚህ ድምፄን ዝቅ ባደርግ አትገረሚ።

— አሁን የያዝኩት? የያዝኩትማ ገመድ አልባው ነው፣ ባለፈው ወር ከንብረት ክፍል ያወጣሁት... ችግሩን ነገርኩሽ እኮ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት አትረጋም። እዚህ ጋ አቆምኳት ስል እዚያው ላይ ትርገፈገፋለች። ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ናት። ሌላ ባትሪ ቀየርኩ፣ ባሰባት። ከሥሯ ወፍራም ወረቀት አነጠፍኩላት፣ ቀጥዬ ያንን ለስላሳውን ምንጣፍ ገዛሁላት። ለሙሽራም እንዲህ አልተነጠፈ።

— ገመድ አልባ ይሻላል? እሱን ሻጩ ይበል። አየር ላይ የሚሄድ ነገር ምኑ ይታመናል? እዚህ ቢሮ ውስጥ ስንት ስልክ አለ፣ ስንት ኮምፒውተር አለ። ያ ሁሉ አየር ላይ ሲተራመስ የኔዋ ምስኪን መንገድ ብትስት ይፈረድባታል?

— ባለ ገመዱንማ ሞክሬው የለም እንዴ? የመጀመሪያዬ ባለ ገመድ አልነበር? እሱ ደግሞ ገመዱ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እየተያዘ እጄን ይጎትተኛል። መስመሩ ሊያልቅ ጣት ሲቀረው ጎተት ያደርገኛል... አዎ፣ በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። ከኋላ በኩልም አዙሬ ሞክሬዋለሁ። እምቢ አለ። በመጨረሻ ለሜትር ሰጠኋት።

— ለሷ?... ለሷማ ይሠራል። በደንብ ነው የሚሠራላት... አይ፣ እሷን አይጎትታትም... እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ዕቃም ሰው ይመርጣል።

— ይልቅ ሻጩን ጠይቂልኝ። ከገመድ አልባዎቹ ውስጥ በጣም የማይንቀጠቀጠው የቱ ነው በይው... ምን ያስቀዋል?... «ማውዝ አይንቀጠቀጥም» አለ? ሱቅ ውስጥ ቆሞ ነዋ። መጥቶ ካርታ ያሰምርበትና ያኔ ይሳቅ።

— እሺ በቃ፣ ባለ ገመዱን ያዢ... አይ ቆይ። ቆይ፣ እንዳትከፍዪ። ባለ ገመዱ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? መዳፍሽ ላይ አድርጊው እስቲ... ለኔ ከባድ ይሻለኛል፣ ከባድ ዕቃ እጅን ያደላድላል... ገመድ አልባው ነው የሚከብደው? ባትሪው ነዋ። እንግዲያው ገመድ አልባውን... ግን እሱ መሃል ላይ ባትሪው ቢያልቅስ? ሰዎች ፊት፣ አለቃ ፊት? ወይ ጣጣ... ልጄ፣ እየተቆጣሁ አይደለም። መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ይኸው ቆሜ ነው የማወራሽ።

— ለምን መሰለሽ፣ የዛሬው ነገር ቀላል አይደለም። የውኃ ጉድጓድ ያላት ሴትዮና ጎረቤቷ ናቸው የሚመጡት። የድንበር ጉዳይ ነው... አዎ፣ አለቃም አብሯቸው ይቀመጣል። በትልቁ ሞኒተር ላይ፣ ሁሉም እያዩኝ፣ የድሮውን ካርታ ተከትዬ ድንበሩን ላሰምር። ያንን ካርታ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በቀለም የሳልኩት እኔው ነኝ። አሁን ደብዝዟል። የቱ መስመር፣ የቱ የወረቀቱ እጥፋት እንደሆነ ከኔ በቀር የሚለይ የለም። አለቃችን ምን አላቸው መሰለሽ? «ጋሽ ማስመሪያ ካሰመረው ማንም አይከራከርም።»

— አዎ፣ እስከ ዛሬ ማስመሪያ ነው የሚሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ። ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርጌ ስለማሰምር... አንቺማ ሳትወለጂ የወጣልኝ ስም ነው። እና ልጄ፣ እዚህ ስክሪኑ ላይ አንዲት ፀጉር ከሳትኩ እዚያ መሬቱ ላይ አንድ ክንድ ነው። ጉድጓዱ ከድንበሩ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

— ምኑን?... አሁን የያዝኩትን ማውዝ ሞዴል? ለምን ይጠቅመዋል?... እህ፣ ያንኑ መልሶ እንዳይሰጥሽ። ብልህ ነው። ከሥሩ ተጽፏል አለ?... እሺ፣ ስልኩን በቀኝ ልያዘውና በግራዬ ልገልብጠው። ጽሑፉ ደግሞ የጉንዳን እግር ነው የሚያህለው... ኤም... ኤም፣ ሦስት... ምን አልሽኝ?

— ምን ድምፅ?... ትክ ትክ? እኔ ጋ ምንም የለም። ኔትወርኩ ይሆናል። ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?... ቆይ ወደ መስኮቱ ልጠጋ... አሁንስ?... አሁንም ትክ ትክ ይላል? እንግዲያው አንቺ ጋ ነው። ሱቁ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት የለም?

— በሌላኛው ጆሮዬ? ለምን?... እሺ፣ ይኸው ወደ ግራ አዞርኩት... ቆመ? አየሽ፣ ኔትወርኩ ተስተካከለ... እንደገና ወደ ቀኝ? ልጄ፣ ጨዋታ ላይ ነን እንዴ? ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ... እሺ። እሺ፣ ይኸው ቀኝ።

— እንደገና ጀመረ?

— አለሁ።

— መነጽሬ ነው። ስልኩ ነው መነጽሬን የሚመታው።

— እጄ ለምን ይንቀጠቀጣል? ብርድ ነው። መስኮቱ ጋ ቆሜ አይደል?... ምሳ ስላልበላሁም ይሆናል።

— የምን ሸሚዝ?... አዎ፣ ቁልፎቹን አውጥተሽ ትልልቅ ትከይልኝ ብዬሻለሁ፣ ታዲያ ምን አለበት? ትልልቅ ቁልፍ ያምርብኛል... አዎ፣ አራቱንም ሸሚዞች። የቁልፍ ቀዳዳውንም ሰፋ አድርጊልኝ ብያለሁ፣ አልካድኩም... እጅጌዬን ስትለኪ?... እጅህን አሳርፈው ስትዪኝ አሳርፌው ነበር እኮ። አሳርፌው ነበር... ያኔ ነው ያወቅሽው? ታዲያ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?... እስክነግርሽ ድረስ።

— ቀስ በይ፣ ሻጩ ይሰማሻል... ወደ ውጪ ወጣሽ? ደግ አደረግሽ።

— ከክረምቱ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ብቻ ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። ቀጥሎ ወንበሬን ከፍ አደረግኩ። ከዚያ ማውዙን ጠላሁት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ፣ እኔም ይኸው ገመድና ባትሪ ስከስ ከረምኩ። አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ሦስተኛ ማውዝ ላስገዛሽ ነበር እኮ።

— እፈራለሁ እንጂ። እንዴት አልፈራ? ለአለቃ ብነግረው መዝገብ ቤት ነው የሚወስደኝ፣ ማኅተም ስመታ ልውል። ያውም አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ እየመታሁ... ሳቂ፣ ሳቂ፣ እኔም ስቄበታለሁ። ግን ያሳፍራል ልጄ። ማስመሪያ ተብሎ ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠራ ሰው፣ አሁን ሻይ እንኳ ሲጠጣ ሰው አየኝ አላየኝ እያለ ዞር ዞር ይላል።

— አይ፣ ሀፍረቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የባሰ አለ... ቆይ ድምፄን ልቀንስ። ባለፈው ሳምንት ለልምምድ ብዬ ያቺን ድንበር አሰመርኳት። አየሁት፣ ጥሩ ነው አልኩ፣ ዘግቼ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ የመስክ መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። የጉድጓዱ ርቀት የተጻፈበት ገጽ ላይ። እኔው ረስቼው ሄጄ ይሆናል ብዬ፣ ከተከፈተ አይቀር ካሰመርኩት ጋር አስተያየሁት። ጉድጓዱ ወደ ጎረቤትየው አልፏል... አዎ። በኔ እጅ። ሴትዮዋ እኮ ያንን ጉድጓድ ከባሏ ጋር ነው የቆፈረችው፣ ያኔ ስንቀይስ አጠገቤ ቆማ ነግራኛለች። እሱ አሁን የለም።

— አጠፋሁት፣ አዎ ወዲያው አጠፋሁት። ግን ዛሬ እንደዚያ ባሰምርስ? ማስመሪያ ካሰመረው ማንም አይከራከርም እኮ። ገባሽ? ማንም አይከራከርም። እሷም ራሷ ብትሆን እኔን አምና ፈርማ ትሄዳለች። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

— ተረቱን ለኔ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልኩ ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?... አዎ፣ ለራሴ ግን ተርቼው አላውቅም።

— ነገ ጠዋት? የት?... ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዘሽልኛል? መቼ ያዝሽው?... ሰኞ ዕለት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ይኼን ሁሉ ቀን በሆድሽ ይዘሽው ዞርሽ ማለት ነው። ቁርጥ እናትሽን... እሺ። እሄዳለሁ አልኩሽ። ካንቺ ጋር ከሆነ እሄዳለሁ። ሐኪሙ የሚለውን አብረን እንሰማለን።

— የነገውስ ለነገ ነው፣ ዛሬን ምን ላድርገው? ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ አይቀርም።

— በግራ?... ልጄ፣ እኔ በግራዬ ማንኪያ እንኳ ይዤ አላውቅም... አይ፣ አትንቀጠቀጥም። ግራዬ ደህና ናት። ግን መሃይም ናት... (እ? ምን አልሽ ሜትር?) ቆይ ልጄ፣ አትዝጊ።

— (ስትሰሚ ነበር ማለት ነው... አይ፣ አልተቀየምኩም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ጆሮ ምን ያድርግ... ምን? መዝገቡን? አንቺ ነሽ የከፈትሽው?... እና ሳምንቱን ሙሉ ምንም ሳትዪ... እኔን ላለማሳፈር ብለሽ። ደህና። እግዜር ይስጥሽ የኔ እናት።)

— ሰማሽ ልጄ? ሜትር ናት መዝገቡን የከፈተችልኝ። እኔ ከሷ እደብቃለሁ፣ እሷ ከኔ ትደብቃለች፣ ጠረጴዛችን ደግሞ የተያያዘ ነው... አዎ፣ አሁን ያንን የድሮውን ባለ ገመድ ማውዝ ከሷ ኮምፒውተር ነቅላ እያመጣችልኝ ነው። በግራ ይሞክሩት ትላለች። ሁለታችሁ ተነጋግራችኋል ልበል?

— ይኼ ገመድ አልባውማ ለግራ አይሆንም። ለቀኝ እጅ ተብሎ ነው ጎኑ የተጎደጎደው፣ በግራ ስይዘው ጣቴ ማረፊያ ያጣል። የድሮው ግን በሁለቱም በኩል እኩል ነው... ኧረ ገመዱ አልደረሰም። መሰኪያው በስተቀኝ ነው ያለው። (አዙሪው እስቲ ኮምፒውተሩን... እንዲያ፣ እንዲያ።) ደረሰ፣ ግን እንደ ክር ተወጥሯል። ቆይ ስልኩን ወደ ቀኝ ልመልሰው፣ ግራዬን ልልቀቃት።

— ይሰማሻል አይደል ትክ ትክ የሚለው?... ይምታ፣ ግዴለም። አሁን ከጥግ ጀመርኩ... ቀስ... የፊደል ተማሪ መሰልኩ እኮ... አትሳቂ፣ ታሳስቺኛለሽ... አጥሩ ጋ ደርሻለሁ... እ... ወደ ዛፉ... ጨረስኩ።

— (ለኪልኝ እስቲ ሜትር። መዝገቡን ይዘሽ ለኪ እንጂ በዓይንሽ አይደለም።)

— እየለካች ነው... ቆይ...

— ጉድጓዱ ከሴትዮዋ በኩል ነው። ልክ መዝገቡ ላይ እንዳለው... አዎ። አዎ ልጄ። መስመሯ ዘገምተኛ ናት፣ ግን ቀጥ ብላለች... ምን አለቀስኩ፣ ቆሜ ስለዋልኩ ነው። እሺ፣ ትንሽ።

— በይ አሁን ግቢና ግዢልኝ። ባለ ገመዱን። ሁለት ጎኑ እኩል የሆነውን፣ ለቀኝ የተጎደጎደውን አይደለም። ገመዱ ደግሞ ረጅም ይሁን፣ በኮምፒውተሩ ጀርባ ዞሮ ወደ ግራ የሚደርስ... የሜትርንማ አልወስድባትም፣ እሷም ሥራ አለባት... አንዱን ብቻ፣ አዎ። ከእንግዲህ ሌላ ማውዝ አልከስም።

— አለቃንማ ሳልጀምር እነግረዋለሁ። በግራዬ ሳሰምር አይቶ ከሚጠይቀኝ እኔው ልቅደም። መዝገብ ቤት ካለኝም... እሱን ያኔ እናያለን። ለሴትዮዋና ለጎረቤቷም እላቸዋለሁ፣ እኔ ካሰመርኩ በኋላ ሜትር እፊታችሁ ትለካዋለች፣ ያልመሰላችሁ ነገር ካለ ተናገሩ። ዛሬስ ይከራከሩኝ።

— አሁንም ስትለማመድ ነው የምትቆየው፣ ግራዬ። አንቺ እስክትደርሺ አንድ ሁለት ድንበር ታሰምራለች... ምሳውንም እበላለሁ፣ ሜትር ከምሳዋ ቀንሳ አስቀምጣልኛለች... በይ ነይ፣ መንገድ ስትሻገሪ ቀስ በይ።

— አንቺው ዝጊው ልጄ። እኔ ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል።