በቁልፍ የተጠበቀ ንጽሕና

ነርሱ ኑዕማን ወደ ግንባታ ሳይታችን የመጣው ለክርክር አልነበረም። የባኺትን መታወቂያና ልብስ ሊወስድ ነው የመጣው። በሩ ላይ ከሐጂ ዘይዳን ጋር ባይገጣጠም ኖሮ ዕቃውን አስረክቤው በመጣበት ይመለስ ነበር።

እኔ የበሩ ዘበኛ ነኝ፤ ስሜ ቡቅጡር ይባላል። ሳይቱ ከካይሮ በስተ ምሥራቅ፣ በረሃው ላይ ነው። ሐጂ ዘይዳን ፎርማኑ ነው። ስልሳ የሚሆኑትን ሠራተኞች ከላይኛው ግብፅ፣ ከገዛ መንደሩ ያመጣቸው እሱ ነው። ባኺት ከእነሱ አንዱ ነው። ፌሮ አሳሪ ነው፤ ለሐጂ የወንድሙ ልጅም የሴት ልጁ ባልም ነው። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ። ኑዕማን ከመምጣቱ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፌሮ እያሰረ ሳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ፀሐይ መታው ብለን ወደ ሆስፒታል ላክነው።

ኑዕማንም የዚያው መንደር ልጅ ነው። ነርስነት ተምሮ፣ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደማቸው በማሽን በሚጣራበት ክፍል ይሠራል። ሐጂ ሲያየው ደስ አለው። አቀፈው፣ እናቱ እንዴት እንደሆነች ጠየቀው፣ ከዚያም ሐሙስ የአርማታ ሙሊት ስላለ ባኺት እስከዚያ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀው።

ኑዕማን የሰጠሁትን መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሐጂ፣ አንዱ ኩላሊቱ ሞቷል» አለ። «ሌላው ሊሞት እየተንገዳገደ ነው። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት እንየው ብሏል።»

ሐጂ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ዓይን ነው አለ፤ ሰው ዓይኑን ጥሎበት ነው።

«እንደሱ የሚሠራ የለኝማ። ጠዋት የወጣ የአሱር ሶላት እስኪደርስ ከፎቅ አይወርድም። ውሃ አይል፣ ሽንት አይል። ግመሌ ነው የምለው።»

«በፊቱ ይሉት ነበር?»

«በሁሉም ፊት እንጂ። ሌሎቹ እንዲቀኑ ብዬ።»

«ቀንተዋል» አለ ኑዕማን። «ግመል ግን እንዲህ አይደለም፣ ሐጂ። ግመል መጀመሪያ ጠግቦ ይጠጣል፣ ከዚያ ነው የሚጓዘው።»

ኑዕማን ድምፁን ሳያነሣ ረጅም ነገር ነገረው። በክፍሉ የሚተኙት ሁሉ ሽማግሌዎች እንዳልሆኑ፣ በፀሐይ የሚሠሩ ወጣቶች እንደሚመጡ ነገረው። ላብ የወሰደውን ውሃ ካልመለሱለት ኩላሊት እንደሚደርቅ፣ ሽንትን ቀኑን ሙሉ መያዝም ሌላ በሽታ እንደሚያመጣ አስረዳው። ባኺትን ለምን አትጠጣም ብሎ ጠይቆት ነበር። ባኺትም ከጠጣሁ መውረድ አለብኝ፣ ብወርድስ የት እሄዳለሁ ብሎ መልሶለታል።

ይህ እውነት ነው። ሳይቱ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። ከአጥሩ ውጭ ሰው የሚኖርባቸው ቪላዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ከእኛ ሰዎች አንዱ ቪላ ጥግ ሄዶ ለሽንት ሲቀመጥ የቪላው ጠባቂዎች በአንገትጌው ይዘው፣ ሴቶች እያዩ፣ እስከ በራችን ጎትተው አመጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዎቹ መጠጣት ተዉ። ጠዋት የሞላሁት የመጠጥ ውሃ በርሜል ሥራ ሲያበቃ ከግማሽ በላይ ተርፎ አገኘው ነበር። አየሁ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩበትም።

ኑዕማን ዞር ሲል ከበሩ አጠገብ በተርታ የቆሙትን ሦስት ሰማያዊ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤቶች አየ። በሦስቱም ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«እነዚህስ?»

ሐጂ በሐዘኑ መካከል ቀና አለ። የቁልፉን ዘለላ ከወገቡ ፈታና አንዱን ከፈተለት። ውስጡ እንደ አዲስ ያበራል። ሽታ የለው፣ ዝንብ የለው። ተቆጣጣሪዎች በየወሩ እየመጡ እንደሚያዩት፣ ፈርመውና አመስግነው እንደሚሄዱ፣ በዚህ አካባቢ እንደኛ ንጹሕ ሳይት እንደሌለ ነገረው።

«ማን ገብቶበት ያውቃል?» አለ ኑዕማን።

«አልኩህ እኮ፣ ተቆጣጣሪዎቹ አይተውታል።»

«ማየቱንስ አዩት። ማን ሸንቶበታል?»

ሐጂ ተቆጣ። ለታላቅ ሰው እንዲህ ያለ ቃል አይባልም አለ፤ ትምህርት ይሄን ካስተማረህ ባትማር ይሻልህ ነበር አለው። ኑዕማን ይቅርታ ጠየቀ። ጥያቄውን ግን አልተወም።

ያኔ ሐጂ የሆነውን ተናገረ። ሽንት ቤቶቹ እንደመጡ አራት ቀን ክፍት ነበሩ። በአምስተኛው ቀን የሕንፃው ባለቤቶች እንግዳ ይዘው መጡ፤ ከእንግዶቹ አንዷ ሴት በሩን ከፈተች። ወለሉና ጥጉ ሁሉ ተበላሽቷል፤ መቀመጫው ላይ ግን የተቀመጠ ሰው ያለ አይመስልም። ሐጂን በሠራተኞቹ ፊት ሰደቡት። እንግዶቹ ሲሄዱ በገዛ እጁ አጠበው። ማልቀሱን አልተናገረም፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ። በዚያው ቀን ቁልፍ ገዛ። የመምጠጫው መኪና በየቅዳሜው ሲመጣ ምንም የለበትም እያለ ይመልሰዋል።

«በረት ውስጥ ያደጉ ናቸው» አለ። «ሽንት ቤት ምን ያደርግላቸዋል?»

«እኔም እዚያው በረት ነው ያደግሁት። እርስዎም።» ኑዕማን ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። «ውሃው የታለ?»

ውሃ አልነበረም። አከራዩ ድርጅት የሚያቀርበው ወረቀት ነው።

«በወረቀት ተጠርገው ይሰግዳሉ፣ ሐጂ?»

«አስተግፊሩላህ።»

«እነሱም እንደዚያው። ማን እንዲያጥበው አዘው ነበር?»

ማንም አልታዘዘም ነበር። ኑዕማን ስልሳ ሰው፣ ሦስት ሳጥን፣ ያለ ውሃ፣ ያለ አጣቢ ብሎ፣ የገዛ ቤትዎ ሽንት ቤት ቢሆን በአራት ቀን ምን ይመስል ነበር ሲል ጠየቀው። ሐጂ ይህን ተቀበለ። አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለው።

«እሺ፣ ውሃው አልነበረም። መቀመጫው ላይ መቀመጥ ምን ያቅታል? ሆን ብለው ጥጉ ላይ! ይሄ ንቀት ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?»

ኑዕማን ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ ቡቅጡር፣ እርስዎ ከዚህ በር አይጠፉም። ምን አዩ?»

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ሰዎቹ ቀትር ላይ ዙሁር የሚሰግዱበት ምንጣፍ ግን በየቀኑ ከወንበሬ ፊት ለፊት ነው የሚነጠፈው፤ አሥራ አንድ ወር አይቼዋለሁ።

«የሽንት ቤቶቹ በር ምንጣፉ ወደሚያይበት ነው የሚያየው» አልኩ። «መቀመጫው ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ለቂብላ፣ ለመካ አቅጣጫ፣ ይሰጣል። ሰዎቹ እየተጸዳዱ ወደሚሰግዱበት መዞር ስለማይፈልጉ በጎን ይቀመጡ ነበር። ሳጥኑ ደግሞ በጎን ለመቀመጥ አይበቃም።»

ሐጂ ተነሣ። ወደ ሳጥኑ ገባና ጀርባውን ለመቀመጫው ሰጥቶ ቆመ። ፀሐይዋን አየ፣ ምንጣፉ የሚነጠፍበትን ቦታ አየ። ሁለት ጊዜ መካ የሄደ ሰው ነው። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አንተ አይተህ እኔ አላየሁም» አለኝ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?» አልኩት።

ያን ሰዓት በቂ መልስ መስሎኝ ነበር። በሰው እምነት ገብቼ ቂብላችሁ ወዲህ ነው ልል አልደፈርኩም፤ ደግሞም ዘበኛ በፎርማን ሥራ አይገባም። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱም ባኺትን አልጠቀሙትም።

ሐጂ የመጨረሻ መከላከያ ሞከረ። በግድግዳ ውስጥ ከሆነ ወደ ቂብላ መዞርን ሊቃውንቱ ይፈቅዳሉ አለ። ኑዕማንም ይፈቅዳሉ፣ ግን ይህን ለሠራተኞቹ ማን ነገራቸው ብሎ መለሰለት።

«እርስዎ ሳይጠይቁ ቆለፉ። እነሱም ሳይናገሩ መጠጣት ተዉ። ደግሞ ሳጥን እኮ ነው፣ ሐጂ፤ ክሬን አለልዎት። ከመከራከር ማዞር ይቀላል።»

ሐጂ ዘይዳን ሦስቱን ቁልፎች አወለቀና የቁርጥራጭ ፌሮ ክምር ላይ ጣላቸው። ኑዕማን የባኺትን ልብስ ይዞ ሄደ። ክሬኑ በዚያው ከሰዓት በኋላ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ወደ ጎን አዞራቸው።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን የምጽፈው ሌላ ፎርማን ቢያነበው ብዬ ነው። በእያንዳንዱ ሳጥን አጠገብ የውሃ በርሜልና ማንቆርቆሪያ ተቀመጠ። ደርዲሪ የሚባል ወገቡን የሚያመው ለሳኝ ጠዋትም ከሰዓት በኋላም እንዲያጥባቸው ተመደበ፤ ሐጂ የግንበኛ ደመወዝ እንዲከፈለው አደረገ፣ በእሱ የሚስቅ ሰው ከሳይቱ እንደሚባረርም ተናገረ። የመምጠጫው መኪና በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሐጂ ገብቶ ሳያይ አይፈርምም። ከሩቁ ሕንፃ ሥር አራተኛ ሳጥን ተጨመረ፤ ከላይ የወረደ ሰው ሳይቱን ሁሉ ማቋረጥ የለበትምና። ሐጂ ራሱ ውሃ ይዞ ከፎቅ ፎቅ ይወጣል። ጠጡ፣ ውረዱ፣ ቦታ አላችሁ ይላል።

ጥቅሙ ታየ። የመጠጥ ውሃው በርሜል በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው የለም። ከቪላዎቹ ጋር ጠብ ቀረ። ሐጂ የሥራ ሰዓት ይባክናል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ የሆነው ሌላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ በማግስቱ የሚፈርሰው ግንብ አነሰ፤ የጠጣ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።

ከመንገዱ ማዶ ባለው ሳይት አምስት ሽንት ቤቶች አሉ፤ በሰንሰለት ታስረዋል። ሐጂ ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው። ሻይ አጠጥተው ሸኙት። ሰንሰለቱ ዛሬም አለ።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። የባኺት ሁለተኛ ኩላሊት አልተመለሰም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአራት ሰዓት ያህል፣ ከማሽኑ ጋር ይታሰራል፤ ይህ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ነው።

ከአርባ ቀን በኋላ ማሽን በሌለበት ቀን ሊጠይቀን መጣ። ከስቷል፤ መርፌው የሚገባበት ክንዱ አብጧል። ቀኑ እሳት ነበር። ሐጂ ከፎቅ ሲወርድ አየውና፣ ለሁሉም እንደለመደው፣ ገና ሰላም ሳይለው ብርጭቆ ሞልቶ ሰጠው።

ባኺት ተቀበለ። ብርጭቆውን አየው እንጂ ወደ አፉ አላስጠጋውም።

«አጎቴ፣ ለእኔ በቀን ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። የገባ ውሃ ከሰውነቴ አይወጣም። ሁለቱንም ጠዋት ጠጣኋቸው።»

ይህን ያለው እንደ ጥፋተኛ ነው። ሐጂ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደ። መድፋትም መጠጣትም አቅቶት እንደያዘው ቆመ። ባኺት ምላሱን በከንፈሩ ላይ እያዞረ ወደ ላይ፣ ፌሮ ወደሚያስሩት ሰዎች፣ ያይ ነበር።

ከላይ አንዱ ውሃ ጠየቀ። ሐጂ ብርጭቆውን እንደያዘ ደረጃውን ወጣ።