ሁለቱ ራንጌል ዶቼቮች

መስከረም ሲገባ የቡልጋሪያ ጓሮ ሁሉ በቃሪያ ጥብስ ጭስ ይታፈናል። ሰው በአክብሮት «ባይ» የሚላቸው፣ እንደ «ጋሼ» ማለት ነው፣ ራንጌል ዶቼቭ ግን ሚስታቸው ከጓሮ ስላባረሯቸው የሚጠብሱት በከተማው ቤተ መጻሕፍት ጓሮ ነበር። የትኛው መጽሐፍ የማን እንደሆነ የሚጻፍበትን ካርድ የሚጠብቁት እሳቸው ስለሆኑ ማንም አይናገራቸውም። አዲሷ ኃላፊ ኔቬና ኔትወርክ ፍለጋ ስልኳን ወደ ሰማይ አንስታ ስትዞር ከጭሱ መሀል ድንገት ተገናኙ።

«እንደምን አደሩ ባይ ራንጌል? ነገ ጠዋት ከጎኔ እንዲቀመጡልኝ ልለምንዎት ነው። በኢንተርኔት ጉባኤ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት መዝገባቸውን እርስ በርስ ስለሚያያይዙበት ዘዴ። የደራሲዎቻችንን ካርድ እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም፤ ሳይፈቅዱም አልሰጥም።»

«ምሳ አለው?»

«ሁሉም በየቤቱ ነው የሚበላው።»

«ታዲያ ምኑን ጉባኤ ሆነ? እኛ ባሕር ዳርቻ ቫርና ስንሰበሰብ ዓሣው አለ፣ የራኪያ አረቄው አለ፣ ጭፈራው አለ።»

«ስለ መጻሕፍትስ ምን ተባለ?»

ባይ ራንጌል ቃሪያውን ገለበጡ። «እሱን እንኳ ረስቼዋለሁ» አሉ።

እልኸኛ ሰው ሲረታ ሌላ በር ይፈልጋል፤ ባይ ራንጌልም ፈለጉ።

«ቆይ፣ ማን ምን እንደጻፈ ማወቅ የፈለገ ለምን መጥቶ አይጠይቀኝም? ተሳስቼ አላውቅም።»

«ታመው የዋሉ ዕለትስ?»

«ይጠብቃ።»

«ቫርና ያለው ተማሪ እርስዎ እስኪድኑ?»

«ወጣት አይደል? ምን ያስቸኩለዋል!»

ኔቬና ሳቋን ዋጠችና ስልኳን ከፈተች። «የአገሩ የጋራ መዝገብ ስለ እርስዎ የሚለውን ላንብብልዎት?»

ባይ ራንጌል እጃቸውን ጠርገው ቀጥ ብለው ቆሙ። በዕድሜያቸው የጻፉት አንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ዓይናቸው ነው።

«ራንጌል ዶቼቭ፣ ደራሲ። ‹የከተማችን የድንጋይ ምንጮች›።»

«እህ» አሉ፣ ፂማቸውን እየዳሰሱ።

«ደግሞም ‹ቦርጭን በጎመን ጭማቂ ማጥፋት›።»

ቃሪያው አረረ። ባይ ራንጌል ቁልቁል ወደ ገዛ ቦርጫቸው አዩ።

የጎመኑን መጽሐፍ የጻፈው የልጅ ልጃቸው ነው። በአገሩ ልማድ ልጁ የአያቱን ስም ስለሚወርስ ከነቤተሰብ ስሙ ቁርጥ እሳቸውን ሆኖ ወጣ። መጽሐፉ የታተመ ጊዜ «ስሜን አረከስከው» ብለው በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ነፈጉት፤ ልጁም ከዚያ ወዲህ ለፋሲካ እንኳ ከሶፊያ አልመጣም።

«ይህን ቦርጭ ይዤ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ስማችሁ አንድ ስለሆነ መዝገቡ አንድ ሰው አደረጋችሁ። የእርስዎ ካርድ ልዩነቱን ያውቃል፤ ነገር ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ማን ይስማው? በአዲሱ ዘዴ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተወለደበት ዘመንና አገሩ አብሮት ይሄዳል። እርስዎ ካርድ ላይ ‹ይህንንም ተመልከት› ብለው ይጽፉ የለ? ይኸው እሱ ነው። የእርስዎ ወደሚቀጥለው መሳቢያ ይመራል፤ ይሄ ሊዝበን ድረስ ይመራል።»

«እንግዲያው ካርዱን ውሰጂ። ዛሬውኑ ለያዪን!»

«እንለያችኋለን። ከዚያ ደግሞ እናያይዛችኋለን፤ አያትና የልጅ ልጅ ብለን። ይህ ግን በእርስዎ ፈቃድ ነው፤ ካልወደዱ ባዶ እንተወዋለን።»

ባይ ራንጌል ወደ ቃሪያው ዞሩ። ልጁ ናፍቋቸው ነበር፤ ይህን ግን እንኳን ለኔቬና ለሚስታቸውም አልተናገሩም። «አስብበታለሁ» ብለው ያረረውን ቃሪያ አነሱ።

ማታ ግን ነገሩን ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስል ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ጾንካን በአጥር ላይ ያስተምሯቸው ጀመር። «አንድ ቦታ የታረመ ስሕተት በየአገሩ ይታረማል። ተማሪው የፈለገውን ባለበት ያገኛል። የሞተ ሰው ሥራ ለሌላ አይሰጥም። እኔም ብታመም ቤተ መጻሕፍቱ አብሮኝ አይታመምም።» ወይዘሮ ጾንካ የመጡት ጨው ሊበደሩ ነበር።

በማግስቱ ባይ ራንጌል ክራባታቸውን አስረው ካሜራው ፊት ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ ተሳታፊዎቹ ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ጋበዘች፤ ተራው ሲደርሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ራንጌል ዶቼቭ እባላለሁ፤ የምንጮቹ። የጎመኑ ራንጌል የልጅ ልጄ ነው» አሉ። «እባካችሁ አያይዙን።»