የዋዜማው መቀርቀሪያ

ሰፈርተኛው «ጋሽ ጓጉንቸር» ይላቸዋል። ቁልፍ ሠሪ በመሆናቸው ብቻ አይደለም፤ አፋቸውም እንደ ሥራቸው ግጥም ያለ ስለሆነ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህማ ጭራሽ ብሶባቸዋል። ደንበኛ «መቼ ልምጣ?» ቢላቸው በአገጫቸው የፀሐይዋን መጥለቂያ ይጠቁሙታል፤ በዚያው አለቀ።

የልደት ዋዜማ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰማዩ እንደ ጠቆረ፣ ጋሽ ጓጉንቸር በሞርሳ የያዙትን ቁልፍ ይሞርዱ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት እያለከለከች ዘው አለች።

«አባባ፣ በፈጣሪ ይድረሱልኝ! የተሰጣ ልብስ ላነሳ ወጣ ስል ንፋሱ በሩን ዘጋብኝ። ልጄ ውስጥ ነው፤ ቡታጋዙ ላይ ደግሞ ውሃ ጥጃለሁ!»

ሽማግሌው ካቻቪቴና ፒንሳቸውን አፈፍ አድርገው ተከተሏት። ከበሩ ሲደርሱ ሕፃኑ በልቅሶ ብዛት ድምፁ ሰልሎ ነበር። ተንበረከኩ። ስንቱን ግትር ቁልፍ ያለሰለሱ እጆች ሥራ ጀመሩ። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ መጣሁልህ፣ ይኸው መጣሁልህ» ይላሉ በቁልፉ ቀዳዳ። በወር የማይናገሩትን በዚያች አፍታ ተናገሩት። ኋላ ቁልፉ ቀጭ አለ፣ እናቲቱ ገብታ ልጇን እቅፍ አደረገች። ድስቱ ውስጥ የቀረው ውሃ አንድ ጭልፋ አይሞላም።

«ይቀመጡ አባባ፣ ላብዎ ይድረቅ። ውለታዎን በምን እከፍለዋለሁ?»

ሊቀመጡ ሲሉ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈና ክው ብለው ቀሩ። በእንጨት ፍሬም ውስጥ ሆና የምታያቸው ሟች ባለቤታቸው ነበረች።

«ይቺ ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?»

«የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረው። አልደረስኩባቸውም» አለችና ንግግሯ ተቋረጠ። የሽማግሌውን ግጥም ያሉ ቅንድቦች አየቻቸው። ባሏም ሲከፋው እንዲሁ ያደርጋቸዋል። «እርስዎ አባቱ ነዎት» አለች፣ ቀስ ብላ።

ለአንባቢ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል። በጋሽ ጓጉንቸር ቤት ከአባት የወረደ አንድ ሥርዓት አለ። በልደት ዋዜማ፣ ገበታው ከመቅረቡና የጌታ ልደት ታሪክ ከመነበቡ በፊት፣ የቤቱ አባወራ፣ የጋሽ ጓጉንቸር አባት በእጃቸው ቀጥቅጠው የሠሩትን መቀርቀሪያ በበሩ ላይ ይወረውራል። ከዚያ ወዲያ ጸሎቱ እስኪፈጸም ንጉሥም ቢመጣ አይከፈትለትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታዲያ፣ ዳቦ ጋጋሪ የሆነው አንድያ ልጃቸው የዋዜማው ሥራ በዝቶበት አመሸ። መጥቶ አንኳኳ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለ። አልተከፈተለትም። ጸሎቱ አልቆ በሩ ሲከፈት ደፉ ላይ የቀዘቀዘ ዳቦ እንጂ ልጅ አልነበረም። እናቱ ጉልበታቸው እስኪደክም ዳቦ ቤቱ ድረስ እየሄዱ በስውር ያዩት ነበር። በቀብራቸው ቀን አባትና ልጅ በመቃብሩ ወዲህና ወዲያ ቆመው አፈሩ ሲመለስ አዩና፣ ሳይነጋገሩ ተለያዩ።

ሽማግሌው ዕቃቸውን ሰብስበው ሊወጡ ሲሉ ወጣቷ በትሕትና በሩ ላይ ቆመች። መምህርት ናት፤ ነገር ሳታስረዳ ማለፍ አይሆንላትም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባሌ የነገረኝን ያንን በር ያልከፈቱት ለምንድን ነው?»

«ሥርዓት ነዋ፣ ልጄ! ሥርዓት የሌለው ቤት ምኑን ቤት ሆነ? በጌታ ልደት ዓለሙ በውጭ ይቀራል፤ ቤተሰብ ከአምላኩ ጋር ይዘጋል። በርህን ዘግተህ ጸልይ ተብሎም ተጽፏል።»

«ተጽፏል። ግን የተባለው ሰው አይቶ እንዳያወድስህ ነው እንጂ ልጅህ እንዳይገባ ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ቅንድባቸውን ገጠሙ። «እናንተ የተማራችሁ ለሁሉም መልስ አላችሁ። ዛሬ ላረፈደ ልጅ ብከፍት፣ ነገ ለሰካራም ልከፍት ነው?»

«ለሰካራሙም ይክፈቱለት! እረኞቹን ማን ጋበዛቸው? በሌሊት፣ ከነ አቧራቸው አይደለም የመጡት? እንደ እርስዎ ሥርዓት ቢሆን እኮ ከነ መልአክ ወሬያቸው ደጅ ያድሩ ነበር።»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በእጃቸው ያዙት። እሷ ግን ቀጠለች።

«ለመሆኑ አባትዎ መቀርቀር የጀመሩት ለምን ነበር?»

«ያኔማ ጊዜው ክፉ ነበር። ሌባ ቤት የሚሰብረው በበዓል ማታ ነው፤ ሰው ሲበላና ሲጸልይ ይዘናጋላ። አባቴ ደግሞ ባለሙያ ነው፣ ብልህ ነው፣ አስቀድሞ …» ነገሩ አፋቸው ላይ ቆመ። ስንት ዘመን የተናገሩትን ገና ዛሬ ሰሙት።

«እንግዲያው ሌባ ፈርተው ነበር» አለች መምህርቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደግ አደረጉ፤ ቤታቸውን ጠበቁ። እኛ ግን ፍርሃታቸውን ወርሰን እምነት ነው አልነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ጌታ እኮ የተወለደው በሰው ደጅ ቦታ ከጠፋላት እናት ነው። ያ የማደሪያው ባለቤትም ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል፤ እንደ እርስዎ ሥርዓት ያለው ሰው ነበር ይሆናል።»

«በቃ፣ አንቺ ልጅ!»

«ይቆጡኝ፤ መብትዎ ነው። ግን ቅድም እዚህ ሲንበረከኩ አይቼዎታለሁ። ሰዓት አለፈ አላሉም፤ ሕፃኑ የማን ነው አላሉም። የማያውቁት ልጅ ቢያለቅስ በር ከፈቱ። የወለዱት ሲያንኳኳ …» ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

ጋሽ ጓጉንቸር ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ወደቁ ቢባል ይቀላል።

«ይህን ከተውኩ ከአባቴ ምን ቀረኝ?» አሉ። «የዘመኑ ሰው ልደትን ግዢና ጫጫታ አድርጎታል። እኔ የያዝኩት ይቺን ብቻ ነው።»

«ንባቡን ይያዙ፤ ጸሎቱን፣ አብሮ መቀመጡን ይያዙ። እሱ ነው ሃይማኖቱ፤ ልጄም እሱን እንዲወርስ እፈልጋለሁ። መቀርቀሪያውን ብቻ ይፍቱት። የቤቱ ታላቅ ሰው ከንባቡ በፊት ተነሥቶ በሩን ይክፈት፤ ሥርዓቱ ይሄ ይሁን።»

«እሱ ይመጣል?»

«አላውቅም» አለች። «የማላውቀውን አልምልልዎትም።»

ሕፃኑን ልትሰጣቸው ብትዘረጋ የዘይት እጃቸውን አሳይተው እምቢ አሉ። ሳሙና አመጣችላቸው። እስከ ክንዳቸው ታጠቡ፤ ከዚያ ተቀብለው አለቀሱ።

በማግስቱ ማታ ሽማግሌው የአባታቸውን መቀርቀሪያ ብሎን በብሎን ፈቱት። አብረዋቸው የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጮኹ።

«ምነው፣ ምን ነካህ? ብርዱስ? ሌባውስ?»

«እህት ዓለም፣ ከዚህ ቤት የሚሰረቀው ተሰርቆ አልቋል» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ምራታቸው ሕፃኑን ታቅፋ ብቻዋን መጣች። «ዳቦ ቤት ነው። እመጣለሁም አላለ፣ አልመጣምም አላለ» አለች። ገበታው ቀረበ፤ ሽማግሌው ግን መጽሐፉን አልገለጡም። ምግቡ ቀዘቀዘ። ንፋሱ ሻማውን እያጠፋ፣ እሳቸው እየለኮሱ ተቀመጡ። እህታቸው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብለው ጀመሩና የወንድማቸውን ፊት ሲያዩ የቀረውን ዋጡት።

በጣም ከመሸ በኋላ የእግር ኮቴ ተሰማ። ልጁ ደጁ ላይ ቆመ፤ እጅጌው ዱቄት ነው፣ ብብቱ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አለ። ወለል ብሎ የተከፈተውን በር አየ። አልገባም። ክፍቱን በር በጣቱ አንኳኳ።

ጋሽ ጓጉንቸር ተነሥተው ደፉን ተሻግረው ወጡ። አንድ ሙሉ ዘመን ተቆልፎ የኖረ አፍ ሲከፈት እንዴት እንደሚያም ያየ ያውቃል።

«እናትህ ያን ማታ ልትከፍትልህ ተነሥታ ነበር» አሉት። «እጇን ከመቀርቀሪያው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰምታ ዝም አለች ብለህ አዝነህባት ከሆነ፣ ዝም አላለችም። በድያችኋለሁ ልጄ፤ ይቅር በለኝ።»

ልጁ ዳቦውን አጥብቆ ያዘው። «ለኔ እኮ ‹እንቅልፍ ወስዶኝ አልሰማሁም› ነበር ያለችኝ» አለ። «እስክትሞት ድረስ እንዲያ አለችኝ። ለእርስዎ ብላ ነው።»

ተቃቀፉ። ገቡ። ያን ማታ የልደቱ ታሪክ የተነበበው በቀዘቀዘ ገበታ ላይ ነው፤ አንባቢው ሽማግሌ «ማደሪያ አላገኙም» ከሚለው ላይ ሲደርሱ ማለፍ ስላቃታቸው ልጃቸው ተቀብሎ ጨረሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት በልደት ዋዜማ በሩ ክፍት ነው። ጸሎቱ አላጠረም፣ ሥርዓቱም አልፈረሰም። ማታ ፈረቃ ያለበት ጎረቤት አርፍዶም ቢሆን ቦታ ያገኛል፤ ሰው የሌለው ዘበኛም ይጠራል፤ ሕፃኑም ጌታ ለማን እንደ ተወለደ ከቃል በፊት በዓይኑ ይማራል። ሌባም እስካሁን አልመጣም፤ ቢመጣም ቀድሞ የሚያገኘው ወንበር ነው። ጋሽ ጓጉንቸር የአባታቸውን ብረት አልጣሉትም፤ አግለውና አጥፈው የተከፈተ በር የሚይዝ ማቆሚያ ሠሩበትና ከምራታቸው በር ላይ ገጠሙት። አሁን ንፋስ ቢነሣም ያ በር በሕፃን ላይ አይዘጋም።

እንግዲህ ወገኔ፣ ከአባትህ የወረስከውን ልማድ አክብር፤ ግን በየዓመቱ ደጅ ወጥተህ ማንን ውጭ እንዳስቀረ እይ። ሲመሽ ማረም ከጭራሹ ካለማረም ይሻላል፤ ያም ቤት ታርሟል። ያን ማታ ልጁ ዳቦውን ቆርሶ ለሁሉም ሲያድል እጁ እንደ ድሮ ልማዱ ወደ እናቱ ባዶ ቦታ ተዘረጋ። ዳቦው ገና ትኩስ ነበር።