ያኮረፈ ባል ይዤ ሰርግ ሄድኩ

ባሌ ጌታቸው መልካም ሰው ነው፤ አስተያየት ብቻ አትስጡት። እዚህ አሜሪካ፣ ለእህቴ ልጅ ሰርግ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ስንነዳ፣ «ጌቱ፣ ሲግናል ሳታሳይ ሌይን አትቀይር» አልኩት። በቃ፣ አኮረፈ። አዳራሹ ውስጥ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ዘመድ ሁሉ ያያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አጥፊው እሱ፣ ለማኟ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን አልለምንም አልኩ። በእህቴ ልጅ ሰርግ ጥፋተኛ ይመስል አንገቴን ልድፋ እንዴ?

ዘፈኑ ሲደምቅ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ፊቱ ሄጄ እስክስታ ወረድኩ። ሰው ፊትህ መጥቶ ሲጨፍርልህ ቁጭ ማለት በኛ ነውር ነው፤ እሱም ያውቃል። ኮርኒሱን አየ፣ ስልኩን ነካካ። እኔ ትከሻዬን አላቆምኩም። ሰው እያጨበጨበ ከበበን፤ ሙሽራዋም፣ «ጋሼ፣ ኧረ ይነሱ» አለችው። መጀመሪያ ግራ ትከሻው ብቻ ነቃ፣ ቀጥሎ ቀኙ፣ ከዚያ ሰውየው ራሱ ብድግ አለ። ላብ በላብ እስኪሆን ጨፈረ። መሀል ላይ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብሎ፣ «ኩርፊያዬ ገና አላለቀም፣ እሺ» አለኝ።

«ምን ቸገረኝ፣ እየጨፈርክ አኩርፍ» አልኩት።