የነብሮ ቀይ ክር

(በጓሳ ተራራ ሥር፣ በየካቲት ረፋድ። እትዬ ውብአረገች የሚባሉ ባልቴት የበረታቸውን በር በጀርባቸው ተደግፈው፣ የቀይ ቀበሮ ጠባቂውን ላቀውን አላሳልፍም ብለውታል፤ በረቱ ውስጥ ውሻቸው ነብሮ ታስሯል።)

ውብአረገች፦ አልከፍትም አልኩህ እኮ። ሆዱን አሞት ነው የተኛው።

ላቀው፦ ሆዱን ያመመው ውሻ ለሃጩ ይዝረበረባል እንዴ፣ እትዬ ውቤ? ጎረቤቶችዎ ትናንት የታሰረበትን ገመድ ሲያኝክ አይተውታል።

ውብአረገች፦ ጎረቤቶቼ ደግሞ መቼ ነው የኔን ደህና ነገር የሚያዩት?

ላቀው፦ ለአፍታ ልየው። ውጭ ሆኜ በስንጥቁ ብቻ።

ውብአረገች፦ አይተህ ልትሄድ? ያን ጠመንጃ ለጌጥ ነው የተሸከምከው?

ላቀው፦ አብዶ ከሆነ እገድለዋለሁ። አልዋሽዎትም።

ውብአረገች፦ እንግዲያው መጀመሪያ እኔን ግደል። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ግቢ ከኔ ጋር የሚያድር እሱ ብቻ ነው። ጅብ በሩን ሲገፋ የደረሰልኝ እሱ ነው፣ የቀበሌ ሰው አይደለም።

ላቀው፦ እሱን አውቃለሁ።

ውብአረገች፦ ጠበል እወስደዋለሁ። ለማርያም ተስያለሁ።

ላቀው፦ ያበደ ውሻ ጎትተው የት ሊደርሱ ነው? መንገድ ላይ እርስዎኑ ይነክስዎታል። ደግሞ ላይ፣ ገደሉ ሥር፣ አምስት ግልገሎች አሉ። ገና ከጉድጓዳቸው ወጥተው መቦረቅ መጀመራቸው ነው። ከነትልልቆቹ አሥራ አንድ ናቸው። በዚህ በኩል የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች እነሱ ብቻ ናቸው።

ውብአረገች፦ ለአሥራ አንድ ቀበሮ ብለህ ነው እኔን ባዶ ቤት የምታስቀረኝ?

ላቀው፦ ያኔ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹ ውስጥ የገባ ጊዜ በዚህ እጄ አሥራ ስድስት ቀብሬያለሁ። አንዷ እናት አረፋ እየደፈቀች፣ እየተንገዳገደች የገዛ ልጆቿን ስትነክስ ቆሜ አይቻለሁ። ስንት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ። ሁለተኛ ያንን ማየት አልችልም፤ እለምንዎታለሁ።

ውብአረገች፦ እሱስ ምን ያሳብደዋል? አንገቱ ላይ ቀዩ ክር አለለት አይደል?

ላቀው፦ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ኅዳር ላይ ውሾቹን ስከትብ ያን ክር ለእያንዳንዱ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያመጡት ሌላውን ውሻዎን፣ ቡችላውን ነው። ነብሮን አላመጡም።

ውብአረገች፦ ሰው በዝቶ ነበር፤ ረስተኸው ይሆናል።

ላቀው፦ አልረሳሁም። ክሩን ከየት አገኘው?

ውብአረገች፦ ከቡችላው አንገት ፈትቼ።

ላቀው፦ ወይኔ ጉዴ።

ውብአረገች፦ ታዲያ ምን ላድርግ? መርፌ የተወጋ ውሻ ይፈዛል፣ ጅብ ቢመጣበትም አይጮህም አሉኝ። ክር ያላሰረውን ደግሞ ትገድላላችሁ። ቡችላውን ገና ጨቅላ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል ብዬ ነው።

ላቀው፦ ነብሮን ማን ነከሰው?

ውብአረገች፦ በጥምቀት ማግስት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ውሻ ደጄ ድረስ ገብቶ ነከሰው። ቁስሉን በአረቄ አጠብኩለት፤ ደረቀ። ዳነ ብዬ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ውሃ ሳቀርብለት ይንቀጠቀጣል። ስሙን ስጠራው አያውቀኝም፣ ላቀው። እኔን አያውቀኝም።

ላቀው፦ አይዞዎት። አሁን አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ። ከጥምቀት ወዲህ ወደ ላይ ወጥቷል?

ውብአረገች፦ አልወጣም።

ላቀው፦ አንድ ቀን እንኳ?

ውብአረገች፦ በማርያም ስልህ። ከዚህ ደጅ ርቆ አያውቅም። የዋለውም ያደረውም እኔው ጋ ነው።

ላቀው፦ ተመስገን። ተመስገን አምላኬ። ትንሽ ልቀመጥ።

ውብአረገች፦ ተቀመጥ። እንዲህ ከሆድህ መሆኑን መች አወቅሁ። እኔ ለደሞዝህ የምትሯሯጥ ነበር የመሰለኝ።

ላቀው፦ እንዲያ ቢሆንማ እንዴት ደግ ነበር።

ውብአረገች፦ በቃ ግባ። ፊቴ ግን አትግደለው። ወንዙን እስክሻገር ጠብቀኝ፤ ድምፁን መስማት አልፈልግም።

ላቀው፦ እጠብቅዎታለሁ። ሬሳውንም እኔው በጥልቀት እቀብረዋለሁ፤ እርስዎ አይንኩት።

ውብአረገች፦ እግዜር ይስጥህ። ለቀበሮዎችህም አትስጋ። ላይ ያለው ቡችላው ብቻ ነው፤ ያ ውሻ እሱንም ነክሶት ነበር፣ ቁስሉ እንደደረቀ ወንድሜ ከበጎቹ ጋር ይዞት ወጣ። ቀበሮዎቹ እንዴት እንደለመዱት ብታዪ አለኝ። ከግልገሎቹ ጋር ሲላፋ ነው አሉ የሚውለው። ባለፈው የሞተች በግ ላይ አብረው አፋቸውን ቀብረው አግኝቷቸዋል።

ላቀው፦ ቡችላው?

ውብአረገች፦ አዎ፣ ቡችላው። ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ? ቢነከስስ ምን ይሆናል፣ እሱ እንደሁ ተከትቧል። አንተው ራስህ አይደለህ የወጋኸው?

ላቀው፦ በክትባቱ ቀን የመጨረሻዋ እርስዎ ነበሩ፣ እትዬ ውቤ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ውለው ያለ ክር ብመልስዎት ውሻዎን ይገድሉብዎታል ብዬ አዘንኩ። መድኃኒቱ አልቆብኝ ነበር። ቡችላውን የወጋሁት በባዶ መርፌ ነው።