ጎረቤታችን አያ ዘመኑ

ክቡራትና ክቡራን፣ የመምሪያችን ኃላፊ፣ የባህል ቡድናችን ልጆች፣ ከቡሬና ከመራዊ ድረስ የመጣችሁልኝ ወዳጆቼ፤

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሥራችሁን አቁማችሁ ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ፣ ይህን ጋቢ ላለበሳችሁኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ጋቢው ሙቀቱ ደስ ይላል፤ ብቻ አሮጊት መሆኔን በማስረጃ አረጋገጣችሁብኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው የጻፈውን ስናገር ኖሬ ዛሬ የራስሽን ተናገሪ አላችሁኝ። አዘጋጃችን ወንዳወቅ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አየሁህ ወንዳወቅ! ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። ልማድ ሆኖብህ ነው እንጂ ዛሬ የምታስታውሰኝ ቃል የለም፤ ይህን ማንም አልጻፈልኝም።

የቆምኩት አንድ ስህተት ለማረም ነው።

ባለፈው ሳምንት የጡረታ ጉዳዬን ልጨርስ ብዬ ሕሊና ቢሮ ገባሁ። የሰው ሀብት ሠራተኛችንን ታውቋታላችሁ፤ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ሰው አታሳልፍም። ያረጀውን ፋይሌን ገልጣ፣ «እትዬ አደይ፣ የቅጥር ፎርምዎ ላይ የአባት ሥራ ገበሬ ይላል። ልክ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ ማለት አቃተኝ። «እስከ ስንብቱ ቀን ታገሺኝ» ብያት ወጣሁ። ሕሊና፣ ይኸው ቀኑ ደርሷል፤ ስሚኝ።

አባቴ ገበሬ አልነበሩም። አባቴ አዝማሪ ነበሩ።

እሳቸው ማሲንቆ ይመታሉ፤ እናቴ እንቁ ታዜማለች። በቡሬ ገጠር ከሠርግ ሠርግ እየዞሩ አሳደጉኝ። ትወናንም የተማርኩት ከእነርሱ ነው። ድግስ ቤት ስንገባ እናቴ፣ «መጀመሪያ ዝም ያለውን ሰው ፈልጊ። እሱን ካሳቅሽው ሌላው ይከተላል» ትለኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ሰው «ተቀበል!» ብሎ የሰጣቸውን ግጥም ሁሉ ይቀበላሉ። ግጥሙ ራሳቸውን የሚሰድብ ቢሆን እንኳ በዜማ አሳምረው ይመልሱታል። ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም። ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ ግን ከማሲንቆው ጎን ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር፤ አልስቅም።

እናቴ አረፈች። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ ለመቀጠር ፍኖተ ሰላም መጣሁ። ፎርሙ ሲሰጠኝ ገበሬ ብዬ ጻፍኩ። ሩብ ጥማድ በቆሎ ነበራቸዋ! ውሸት አይደለም አልኩ ለራሴ። ሰው ራሱን ሲሸነግል ሩብ ጥማድ መሬት ይበቃዋል።

አሁን የቡሬውን ነገር ላንሳ። ነባሮቹ ታውቁታላችሁ፤ ግማሹን ግን አታውቁትም።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገበያ ሜዳ ላይ ድራማ እናሳያለን። እኔ ልጇ የሞተባት እናት ነኝ። ሬሳው ደጀኔ ነው፤ በጋቢ ተሸፍኗል። ገና ማልቀስ ስጀምር አንዲት እናት ከተመልካቹ መሃል ተነሱና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሙሾ አወረዱ። ሌላ እናት ተከተሉ። ሌላዋም። ሜዳው በሞላ ለቅሶ ቤት ሆነ። ወንዳወቅ ከመጋረጃ ጀርባ «ቀጥሉ! ቀጥሉ!» ይላል። በምን አፋችን እንቀጥል? ደጀኔ ከጋቢው ሥር ሆኖ፣ «አደይ፣ ልነሳ ወይስ ሞቼ ልቆይ?» አለኝ። «ሙት!» አልኩት። ግማሽ ሰዓት ሞተልኝ።

በማግስቱ ጠዋት እነዚያ ሴቶች ወዳረፍንበት ቤት መጡ። ንፍሮና እንጀራ ተሸክመዋል። እዝን ነው፤ ሐዘን ለደረሰበት ቤት የሚወሰደው። «ኧረ እናቶቼ፣ ጨዋታ እኮ ነው! እኔ ልጅም የለኝ» አልኳቸው። ነጠላ ያዘቀዘቁት እናት፣ አስካለ ማርያም ይባላሉ፣ «ምነዋ ልጄ፣ ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶን ነው ብለሽ? ያለቀሰ ሰው እዝን ሳይቀምስ አይውልም ብለን ነው እንጂ» አሉኝ።

እስከዚህ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የቀረው ይኸውላችሁ።

እዝኑን እየበላን ሳለ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሙ። ከሩቅ በእግራቸው መጥተዋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ማሲንቆ ትከሻቸው ላይ አለ። የዚያን ጊዜው መሪያችን አቶ አድማሴ፣ «እኒህ ማን ናቸው?» አሉኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ጎረቤታችን ናቸው» አልኩ።

አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። ከዚያ፣ ሠርግ ቤት የሰጧቸውን ስድብ እንደሚቀበሉት፣ የሰጠኋቸውን ተቀበሉ። ማሲንቆውን ከበሩ ውጭ ግድግዳው ላይ አስደገፉና ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። «አዎን ጌታዬ፣ ጎረቤት ነኝ። አባቷ በቆሎው ደርሶባቸው መምጣት አልቻሉም፤ ሳምልኝ ብለውኛል» አሉ። ስማቸውን ሲጠየቁ «ዘመኑ» አሉ፤ የሟች ወንድማቸውን ስም። ጉንጬን ሳሙኝና ሄዱ።

የማላውቃቸው ሴቶች ላልወለድኩት ልጅ አለቀሱልኝ። እኔ የወለዱኝን ሰው ጎረቤት አልኩ። ያኔውኑ አፍሬያለሁ፤ ግን ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ ስል ዓመት ሆነ። ዓመት የቆየ ነገር ደግሞ ለማንሳት ይከብዳል።

አያ ዘመኑን ታውቋቸዋላችሁ። ትርኢት ባለን ቁጥር ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ የሚቀመጡት። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እኔ ቤት ናቸው። ጎረቤቷን የምትጦር ደግ ሴት አላችሁኝ። ባልደረባዬ ዘርትሁን፣ አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ አባቴ ድሮ የሞቱ መስሎሽ፣ «ለጎረቤት እንዲህ የሆንሽ ለአባትሽማ ምን በሆንሽ ነበር!» አልሽኝ። ጥርሴን አመመኝ ብዬ ሻዩን ጥዬ ወጣሁ። ጥርሴ ደህና ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከሕሊና ዘንድ ወጥቼ ቤት እንደገባሁ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «ፋይሌን ላሳርም ነው። በሰው ፊት እናገራለሁ» አልኳቸው።

«ተይው እስቲ» አሉ፤ «በቆሎም ተክዬ አውቃለሁ።»

ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ያን ቀን ግን፣ ቡሬ፣ ደህና አድርጌ ሠርቼዋለሁ?»

እኔ ይቅርታ ልለምን ነበር የተቀመጥኩት። ሳልመልስላቸው ተነሳሁ።

ያምሮት ልጄ፣ አዲሷ ተዋናያችን፣ አንቺንም ያሳደገሽ ሠርግ ቤት ያዜመ የእናትሽ ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ። የሕሊና ፎርም ሲደርስሽ እንዳለ ጻፊው። እኔ ያንን መስመር ለመሙላት ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጀሁ።

በሉ እንግዲህ፣ መድረካችሁ ሰው አይጣ። ለትርኢት ከወጣችሁበት ገጠር ሁሉ በደህና ያግባችሁ። ያስለቀሳችሁት ሰው በማግስቱ ይሳቅ። ቢያለቅስም እዝን የሚያመጣለት ጎረቤት አይጣ። ወላጅ ያላችሁ በስማቸው የምትጠሩበት አፍ ይስጣችሁ።

የኔ ይህ ነው። ምርቃት ግን በትልቅ ሰው አፍ ነው የሚያምረው።

ሕሊና፣ እስክሪብቶሽን አንሺ። የአባት ሥራ፣ አዝማሪ።

ደጀኔ፣ አንተ ሬሳ፣ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ያሉትን ሰው ደግፈህ አስነሳልኝ። ቀስ ብለህ።

አባዬ፣ የጠየቁኝን መልስ ይዤ መጥቻለሁ። ደህና አድርገው ሠርተውታል። በዚህ አዳራሽ ካለነው ተዋንያን ሁሉ የሚበልጡት እርስዎ ነዎት። አሁን ግን መጋረጃው ወርዷል፤ ከእንግዲህ ዘመኑ መሆን የለብዎትም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ብድግ በሉልኝ። አባቴ ሀይሉ ይመርቁናል።